መርከቡ ሲጠርግ ኤሊዋ የት ትሂድ?

ወደብ ዝም ብሎ ወደብ ሆኖ አይቆይም። ወንዙና ማዕበሉ ደለል እያመጡ መርከብ የሚያልፍበትን ጥልቅ መንገድ ይደፍኑታል። በአሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ ጠረፍ፣ ከሰሜን ካሮላይና እስከ ፍሎሪዳ፣ የወደብ መግቢያዎች በየጊዜው የሚጠረጉት ለዚህ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሥራው የመጣጭ መርከብ ነው። ባሕር ላይ የሚንሳፈፍ ግዙፍ ቫክዩም ክሊነር በሉት። ከጎኑ ቧንቧ ያወርዳል። ጫፉ ላይ ያለው ከባድ የብረት አፍ ወለሉን እየዳሰሰ አሸዋና ጭቃውን ይመጣል።

ኤሊዋም የምታርፈው እዚያው ወለል ላይ ነው። የባሕር ኤሊ ደግሞ እንደ የብስ ዘመዷ ጭንቅላቷን ወደ ቅርፊቷ መሰብሰብ አትችልም። ፍሎሪዳ ውስጥ በፖርት ካናቬራል መግቢያ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በብርዱ ወራት፣ ሎገርሄድ የሚባሉት ኤሊዎች ጭቃ ውስጥ ግማሽ አካላቸውን ቀብረው ተገኙ። ብርዱን የሚያሳልፉት እንዲያ ነበር። በ1980 እዚያው መግቢያ ሲጠረግ 71 ኤሊዎች ሞቱ።

ሎገርሄድ በ1978 በሕግ ጥበቃ ሥር ገብታ ነበር። ስለዚህ መግቢያዎቹን የሚያስጠርገው የጦር ሠራዊቱ የመሐንዲሶች ኮር መላ መፈለግ ግድ ሆነበት። ከመላዎቹ ሁሉ እኔን የሚገርመኝ ኤሊ ገፊው ነው። ከመምጠጫው አፍ ፊት የሚገጠም፣ እንደ ማረሻ የሾለ ብረት ነው። ወለሉን እየሰነጠቀ አሸዋ ከፊቱ ይቆልላል። ክምሩ ኤሊዋን ገፋ አድርጎ ከአፉ ያርቃታል። የሚሠራው ግን አፉ ወለሉን ሲነካ ብቻ ነው። ከፍ ካለ ከሥሩ ክፍተት ይፈጠራል። ስለዚህ ሠራተኛው አፉን ከማንሳቱ በፊት ፓምፑን ማጥፋት አለበት። ቀላል ደንብ ትመስላለች፤ ብዙ ነገር የተንጠለጠለው ግን እሷ ላይ ነው።

መርከቡ ላይ ታዛቢም አለ። የተመጠጠው ነገር በወንፊት ያልፋል፤ ታዛቢው የቀረውን ይፈትሻል። የሚያገኘው አንዳንዴ የቅርፊት ስባሪ ብቻ ነው። እሱም ይመዘገባል። የተፈቀደው ቁጥር ካለፈ ጉዳዩ እንደገና ይታያል። አንዳንድ ቦታ ደግሞ መረብ ጎታች ጀልባ ቀድሞ ኤሊዎቹን ይይዛል፣ ምልክት ያስርላቸዋል፣ ራቅ አድርጎ ይለቃቸዋል። ኤሊ የምትተነፍሰው አየር ስለሆነ መረቡ ቶሎ ቶሎ ይወጣል።

ትልቁ ክርክር በወቅት ላይ ነው። ጆርጂያ ውስጥ መጣጭ መርከብ ለረጅም ዓመታት የሚሠራው ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ነበር፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ ኤሊ ይቀንሳላ። በ2020 የፌዴራሉ የባሕር አሣ አገልግሎት አዲስ ውሳኔ አወጣና ገደቡን አላላው። አንዱ ምክንያት ዓሣ ነባሪ ነው። ከ400 ያነሱ የቀሩት የሰሜን አትላንቲክ ራይት ዓሣ ነባሪዎች በብርዱ ወራት የሚወልዱት እዚያው ጠረፍ ላይ ነው። ለተፈጥሮ ጥበቃ የቆሙ ወገኖች ግን ሞቃቱ ጊዜ ሴቶቹ ኤሊዎች እንቁላል ሊጥሉ ወደ ጆርጂያ ደሴቶች የሚመጡበት ወቅት ነው ብለው ተከራከሩ። በ2021 ጆርጂያ ውስጥ ያለው የብረንዝዊክ ወደብ ጉዳይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ኮሩም በሞቃቱ ጊዜ ሊያካሂድ ያሰበውን ጠረጋ ወደ ጎን አደረገው።