የእጩ መምህራን የትውስታ ሙከራ

የትውስታ ሙከራ ለመምህርነት የሚሠለጥኑ ሰዎች ክፍል ውስጥ፣ በራሳቸው ላይ ሊያካሂዱት የሚችሉት ቀላል ሳይንሳዊ ሙከራ ነው። ላቦራቶሪ አይጠይቅም። ወረቀት፣ እስክርቢቶና የስልክ ሰዓት ካለ ይበቃል።

አንዱ ሠልጣኝ እርስ በርስ የማይገናኙ 15 ቃላት ይመርጣል፤ ዝናብ፣ ማንኪያ፣ ድልድይ፣ ሎሚ፣ መጋዝ እያለ። በየሁለት ሰከንዱ አንድ ቃል ያነባል። ሌሎቹ እስክርቢቶ ሳያነሱ ያዳምጣሉ። ንባቡ እንዳለቀ ያስታወሱትን በመጣላቸው ቅደም ተከተል ይጽፋሉ። ከዚያ እያንዳንዱን ቃል ስንት ሰው እንደያዘው ሰሌዳ ላይ ይቆጠራል።

ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያዎቹና የመጨረሻዎቹ ቃላት ብዙ ሰው ጋ ይገኛሉ፤ የመሃሎቹ ይሳሳሉ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ቤኔት መርዶክ ይህን እ.ኤ.አ. በ1962 በጥንቃቄ ለክቶታል። በ1966 ደግሞ ግላንዘርና ኩኒትዝ ንባቡ እንዳበቃ ተሳታፊዎቹን ለ30 ሰከንድ ቁጥር አስቆጠሯቸው። የመጨረሻዎቹ ቃላት ብልጫ ድራሹ ጠፋ። የመጀመሪያዎቹ ግን ቦታቸውን አልለቀቁም።

ለአስተማሪ ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል። «ገባችሁ?» ስንል ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላል። አንዱን አስነስተን ብንጠይቀው የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ይመልስልናል። ያ ዓረፍተ ነገር ግን ገና የአጭር ጊዜ ትውስታው ላይ ብቻ ያለ ሊሆን ይችላል። ትንሽ ሌላ ነገር ቢሠራ ይጠፋበታል።

ሙከራው ሳይንስ የሚሆነው በሁለተኛው ዙር ነው። የመሃሉ ቃል የተረሳው በቦታው ምክንያት ነው ወይስ ቃሉ ራሱ ስለከበደ? ይህን ለመለየት ያው ዝርዝር ተበውዞ ለሌላ ቡድን ይነበባል። መጀመሪያ ላይ ሳለ የተያዘው «ማንኪያ» መሃል ሲገባ ከተረሳ፣ ጥፋቱ የቦታው ነው ለማለት ያስደፍራል። መሃል ላይ የአንዱን ሠልጣኝ ስም መክተትም ይቻላል። ያን የሚረሳው ጥቂት ሰው ነው። ከአካባቢው ለየት ያለ ነገር በቀላሉ እንደሚታወስ ሄድቪግ ፎን ሬስቶርፍ በ1933 አሳይታለች።

ትውስታን መለካት አዲስ አይደለም። ሄርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 ባሳተመው ጥናት ተፈታኙ እሱ ራሱ ነበር፤ ትርጉም የሌላቸው ክፍለ ቃላት እየሸመደደ ምን ያህል እንደሚረሳ ይለካ ነበር። ጆርጅ ሚለር በ1956 ሰው በአንዴ በአእምሮው የሚይዘውን መጠን 7 ነገር አካባቢ አደረገው፤ ኔልሰን ካወን በ2001 ወደ 4 አወረደው።

ጊዜ ያለው ክፍል ሳምንት የሚፈጅ ሌላ ሙከራ ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2006 ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒኪ አንድ ጽሑፍ ሰጥተው ከፊሎቹን ደግመው አስነበቡ፤ ከፊሎቹን ጽሑፉን ሳያዩ ያስታወሱትን አስጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ አንባቢዎቹ በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ሳያዩ የጻፉት 56 በመቶ፣ አንባቢዎቹ 42 በመቶ አስታወሱ። የአብነት ተማሪ ያጠናውን ለየኔታ በቃሉ ሲያሰማ የሚያደርገውም ይሄንኑ ነው። ሙከራውን ክፍል ውስጥ ለመድገም ሁለቱም ቡድኖች እኩል ደቂቃ ማግኘት አለባቸው፤ አለዚያ ልዩነቱ ከምን እንደመጣ አይታወቅም።