«እንዳታስሩት፣ እግሩ ይቆረጣል!»

አደጋ በደረሰበት ቦታ ሁሉ ይህን የሚጮህ አንድ ሰው አይጠፋም። ተጎጂው ጭኑ ተቀዶ ደሙ እየፈሰሰ፣ ከበው የቆሙት ሰዎች ጨርቅ ይዘው «ከቁስሉ በላይ እንሰረው፣ አንሰረው» እያሉ ይከራከራሉ። ትልቅ ደም ቅዳ ከተበጠሰ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል፤ ክርክሩ ግን ከዚያ በላይ ይፈጃል።

ጉዳዩ በጥናት የታየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ባግዳድ በነበረ የአሜሪካ ጦር ሆስፒታል 232 ቁስለኞች ክትትል ተደረገላቸው። በ309 የተጎዱ እጆችና እግሮች ላይ 428 ቱርኒኬት (ደም ለማቆም ጠብቆ የሚታሰር ማሰሪያ) ታስሮ ነበር። በማሰሪያው ምክንያት ብቻ የተቆረጠ አንድም አልተገኘም፤ ጥቂት ሰዎች ላይ ብቻ ጊዜያዊ የነርቭ ድክመት ታየ። ሾክ (ደም ከመፍሰሱ የተነሳ የደም ዝውውር መውደቅ) ውስጥ ሳይገቡ ከታሰረላቸው 90 በመቶው ተረፉ። ሾክ ውስጥ ከገቡ በኋላ ከታሰረላቸው የተረፉት ግን 10 በመቶ ያህሉ ናቸው።

ፍርሃቱ መነሻ የለውም አይባልም። ወጌሻ የተሰበረ እጅን በቀርከሃ ጠፍሮ ለቀናት ሲተወው ጋንግሪን (ደም ያጣ ሥጋ መሞት) ይከተላል፤ እጅም ይቆረጣል። ያ ግን የቀናት ጉዳይ ነው፤ እዚህ የምናወራው ሆስፒታል እስኪደረስ ስላለው ጊዜ ነው። እስከ ሁለት ሰዓት ድረስ ማሰሪያው ዘላቂ ጉዳት የሚያደርሰው እምብዛም ነው።

በእርግጥ አብዛኛው ቁስል ማሰር አያስፈልገውም። ንጹህ ጨርቅ አድርጎ በሁለት እጅ፣ በሰውነት ክብደት፣ ለ10 ደቂቃ መጫን ይበቃል፤ «ቆመ ወይ?» እያሉ በየደቂቃው ገለጥ ማድረግ የረጋውን ደም ያነሳዋል። ደሙ እየተረጨ ከወጣ፣ ጨርቁን አልፎ መፍሰሱን ካላቆመ ወይም እግሩ ከተቆረጠ ግን እሰሩ።

ማሰሪያው ቢያንስ ከ4 እስከ 5 ሳንቲሜትር ይስፋ፤ ታጥፎ የተደራረበ ነጠላ ይሆናል። ሽቦና ቀጭን ገመድ ሥጋ ይቆርጣሉ። ከቁስሉ 5 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይታሰር፤ ጉልበትና ክርን ላይ ግን አይታሰርም። አንድ ጊዜ ቋጥራችሁ ጠንካራ እንጨት ቋጠሮው ላይ አድርጉ፣ እንደገና ቋጥሩ፣ ደሙ እስኪቆም እንጨቱን አሽከርክሩ፣ ከዚያ እንዳይፈታ እሰሩት። ያለ እንጨት በእጅ ጉልበት ብቻ የሚታሰር ጨርቅ ብዙ ጊዜ አይሠራም። የታሰረበትን ሰዓት ግንባሩ ላይ ወይም ማሰሪያው ላይ ጻፉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ «ያመዋል» ብሎ ላላ ያደርገዋል። ማሰሪያው ማሳመሙ አይቀርም። ግማሽ የጠበቀ ማሰሪያ ደም መልሱን ብቻ ይዘጋል፤ ደም ቅዳው መግፋቱን ይቀጥላል፣ ደሙ ወደ ልብ መመለሻ ያጣል፣ መፍሰሱም ከቀድሞው ይብሳል። በየ15 ደቂቃው ፈታ የማድረግ ልማድም ያው ነው፤ በተፈታ ቁጥር ደም ይባክናል። አንዱ ካልበቃ ከበላዩ ሁለተኛ ይታሰራል፤ የሚፈታውም ሆስፒታል ነው። ብሽሽትና ብብት ስለማይታሰሩ ቁስሉ ውስጥ ሻሽ ጠቅጥቃችሁ ተጫኑ።

ቡና ዱቄት ቁስል ላይ? ቆሻሻ ነው፤ ሐኪሙ ጠርጎ እስኪያወጣው ጊዜ ይበላል። የተሰካ ቢላዋ አይነቀልም፤ እንዳይነቃነቅ ዙሪያውን በጨርቅ ይደገፋል። ተጎጂውን ብርድ ልብስ አልብሱት፤ የቀዘቀዘ ሰው ደም በቀላሉ አይረጋም።

«ግሉኮስ ይሰካለት፣ ደሙን ይተካል» የሚለው፣ በደም ሥር ስለሚሰጥ ፈሳሽ የሚባለው፣ ደግሞ በጤና ባለሙያዎችም አፍ አለ። ፈሳሹ ኦክሲጅን አይሸከምም፣ ደምም አያረጋም፤ የቀረውን ደም ያቀጥናል፣ ግፊቱንም ከፍ አድርጎ የረጋውን ይገፋዋል። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ የሂዩስተን ጥናት ደረታቸው ወይም ሆዳቸው በጥይት ወይም በስለት የተወጉ 598 ሰዎችን አነጻጸረ። አንድ ቀን ለመጡት ፈሳሹ ወዲያው ተሰጠ፤ በማግስቱ ለመጡት ኦፕሬሽን ክፍል እስኪገቡ ተያዘ። ወዲያው ከተሰጣቸው 62 በመቶ፣ ከዘገየላቸው 70 በመቶ ተረፉ። ጭንቅላቱ ለተመታ ሰው ግን ፈሳሹን ማዘግየት አይሠራም፤ የደም ግፊቱ መውረድ አንጎልን ይጎዳል።

ጭንቅላት ከተነሳ፣ «እብጠቱን ይቀንሳል» ተብሎ የሚሰጠው ስቴሮይድ እ.ኤ.አ. በ2004 ጭንቅላታቸው የተጎዳ ከ10,000 በላይ ሰዎች በተሳተፉበት፣ ክራሽ በተባለ ጥናት ተፈትኖ ወድቋል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ስቴሮይድ ካገኙት 21.1 በመቶ፣ ካላገኙት 17.9 በመቶ ሞቱ።

በመጨረሻ ትራኔክሳሚክ አሲድ፣ የረጋ ደም እንዳይሟሟ የሚያደርግ መድኃኒት፦ «ዘግይቶም ቢሆን ይሰጠው፣ አይጎዳም» ይባላል። ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ክራሽ-2 ጥናት በ40 ሀገራት 20,211 ተጎጂዎችን አካቷል። መድኃኒቱ ጠቅላላ ሞትን ከ16.0 ወደ 14.5 በመቶ አወረደ፤ ከተጎዱ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ በተጀመረላቸው ላይ ግን በደም መፍሰስ የሞቱት ከ3.1 ወደ 4.4 በመቶ ጨመሩ። አወሳሰዱ 1 ግራም በ10 ደቂቃ በደም ሥር፣ ከዚያ 1 ግራም በ8 ሰዓት ነው። ሰዓቱ የሚቆጠረው ከጉዳቱ እንጂ ሆስፒታል ከተደረሰበት አይደለም፤ ስለዚህ ሪፈር የምትጽፉ ሁሉ «የተጎዳበት ሰዓት» የሚለውን ባዶ አትተዉት።