ከደሴ ተነስቶ ድኩላ ማየት፦ የቦረና ሳይንት ጫካና የአውሬው ጠባይ

ደቡብ ወሎ ውስጥ የዱር እንስሳ በነፃነት ሲሄድ ማየት የሚፈልግ ሰው ዋና መድረሻው ቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ ነው። መነሻው ደሴ ነው። እዚያ ጫካ ውስጥ በጣም የሚፈለገው፣ ግን በቀላሉ የማይገኘው አውሬ ድኩላ ነው። እሱም የምኒልክ ድኩላ የሚባለው፣ ከኢትዮጵያ ደጋ በስተቀር የትም የማይገኘው ዓይነት ነው።

በፊልም የምናየው፣ ቀንዱ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተንሰራፋው የፈረንጅ አገር አጋዘን እኛ ጋ የለም። እሱ ቀንዱን በየዓመቱ ጥሎ አዲስ ያበቅላል። በአፍሪካ ከጥንት ጀምሮ የኖረው የዚህ ወገን እንስሳ በሰሜን፣ በዋናነት በአልጄሪያና በቱኒዚያ ደኖች ነው ያለው። የኛዎቹ ድኩላ፣ ሚዳቋና ሰስ ለከብትና ለፍየል ይቀርባሉ። ቀንዳቸው አንዴ ከበቀለ እስከ ዕለተ ሞታቸው አይለያቸውም። ስለዚህ ጫካ ውስጥ የድኩላ ቀንድ ወድቆ ካያችሁ ባለቤቱ ሞቷል ማለት ነው። ዙሪያውን ብትፈልጉ አጥንት አታጡም። የደጋ አጋዘን የሚባለው ትልቁ እንስሳ ደግሞ የባሌና የአርሲ ነው፤ ወሎ ላይ መጠበቅ የለበትም።

ፓርኩ ቁልቁለትና ሽቅብ የበዛበት ነው። ከ1,900 ሜትር ገደማ ይነሳና ወደ 3,700 ሜትር ይጠጋል። ታች ያለውን ጥቅጥቅ ደን የአካባቢው ሰው ደንቆሮ ጫካ ይለዋል። ወይራው፣ ጽዱ፣ ዝግባውና ኮሶው እዚያ ነው። ከፍ ሲባል ዛፉ እያጠረ ይሄድና አስታ ይተካዋል። ከዚያ በላይ ጓሳ ሣርና ጅብራ የቆመበት ብርዳም ሜዳ ነው። ይህ ሁሉ ለውጥ በአንድ ቀን የእግር ጉዞ ይታያል፤ ለኔ የፓርኩ ትልቁ ሀብት ይህ ነው። ላይኛው ሜዳ የጭላዳና የቀይ ቀበሮ ቤት ነው። ቀይ ቀበሮ በመላው ዓለም የቀረው 500 ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ቦረና ሳይንት ካሉት ጥቂት መኖሪያዎቹ አንዱ ነው። ብዙ ጎብኚ ይህን ሰምቶ በቀጥታ ወደ ላይ ይወጣል። ድኩላን የፈለገ ግን ደኑ ዳር መቅረት አለበት።

ወንዱ ድኩላ ጠቆር ያለ ነው፤ ሲያረጅ ጥቁር ለማለት ትንሽ ይቀረዋል። ሴቷ ቀላ ያለች ቡናማ ነች፤ ቀንድም የላትም። የወንዱ ቀንድ አንድ ጊዜ ጥምዝ ብሎ ወደ ላይ ይቀጥላል። አንገቱ ሥርና እግሮቹ ላይ ነጭ ምልክት አለው። ከጎን ሲታይ ወገቡ ከትከሻው ከፍ ይላል፤ ለጥሻ ውስጥ ሩጫ የተሠራ አካል ነው። ትልቅ ወንድ እስከ 80 ኪሎ ይመዝናል፤ ሴቷ ከ60 ኪሎ አታልፍም።

ድኩላ መንጋ አይወድም። ብቻውን ነው የሚውለው፤ ሁለት አብረው ከታዩም አብዛኛውን ጊዜ እናትና ልጅ ናቸው። እናትየዋ ስድስት ወር አርግዛ አንድ ግልገል ትወልዳለች። ከወለደች በኋላ የምታደርገው ነገር ያስደንቀኛል። ግልገሉን ጥሻ ውስጥ ደብቃ ለብቻዋ ትግጣለች። ለማጥባት ብቻ ትመለሳለች። ስትመለስም የግልገሉን ኩስ ትበላለች፤ ነብር ሽታውን ተከትሎ መጥቶ እንዳያገኘው ነው። ስለዚህ ብቻውን የተኛ ግልገል ያገኘ ሰው እናቱ ጥላው ሄደች ብሎ ማንሳት የለበትም። እናቱ ቅርብ ናት። እዚያው ትቶ በመጣበት መንገድ ቶሎ መመለስ ነው።

አውሬው የሚንቀሳቀሰው ሌሊት፣ ንጋትና ምሽት ነው። እንደ ደሴ ሰው አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ከዚያም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ያለው ሰዓት ጥሩ ነው። ፀሐይ ስትበረታ ጥሻ ውስጥ ገብቶ ይተኛና ያመሰኳል። አራት ሰዓት ላይ ተነስቶ፣ ቁርሱን በልቶ፣ ሰባት ሰው ሆኖ እየተጫወተ ደን የገባ ቡድን ምንም ሳያይ ይመለሳል፤ ከዚያ «ፓርኩ ባዶ ነው» ይላል። ባዶ አይደለም። ድኩላው ሃያ ሜትር ላይ ተኝቶ ሲያልፉ አይቷቸው ይሆናል።

ድኩላ የሚታየው ቆሞ ለሚጠብቅ ሰው ነው። ጫካው ከግጦሹ የሚገናኝበትን ዳር መምረጥ ያስፈልጋል። ቅጠል በሊታ ስለሆነ ለጋ ቁጥቋጦ ያለበትን ጠርዝ ይወዳል። ነፋሱ ከእሱ ወደ እናንተ ይምጣ እንጂ ከእናንተ ወደ እሱ አይሂድ። ትንሽ አፈር አንስቶ በትኖ ማየት ለዚህ ይበቃል። ከዚያ ዛፍ ተደግፎ መቀመጥ ነው። ንጋት ላይ ብርዱ አጥንት ስለሚሰብር ጋቢ መያዝ ግድ ነው፤ ነጭ ጋቢ ከሆነ ግን ጃኬት ከላይ ይደረብበት፣ ከሩቅ ያጋልጣል።

ዓይን ሙሉ እንስሳ ከፈለገ አያገኝም። መጀመሪያ የሚታየው የሚንቀሳቀስ ጆሮ፣ ቅጠል መሀል ያለ ነጭ ነጥብ ወይም አግድም የተዘረጋ የጀርባ መስመር ነው። ጫካ ውስጥ ግንዱ ሁሉ ወደ ላይ የቆመ ስለሆነ አግድም የሆነ ነገር ያጠራጥራል። ባይኖኩላር ያለው ሰው ሩቁን ብቻ ሳይሆን ቅርቡን ጥሻም ይፈትሽበት። ድኩላ ከነቃባችሁ አንድ እግሩን አንስቶ ደርቆ ይቆማል። ያኔ እናንተም ድርቅ በሉ። ብዙ ጊዜ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ የሚበላ ይመስልና ድንገት ቀና ይላል። ሊያታልል ነው፤ አትንቀሳቀሱ።

ጆሮም ይሠራል። ድኩላ ሲደነግጥ እንደ ውሻ ይጮኻል፤ ድምፁ ሻካራና አጭር ነው። ይህን የማያውቅ ሰው የእረኛ ውሻ ነው ብሎ ያልፈዋል። ሌላው ምልክት ጉሬዛና ጦጣ ናቸው። እነሱ ዛፍ ላይ ፍሬ ሲበሉ ግማሹን ይጥላሉ፤ ድኩላው ከሥር ሆኖ የወደቀውን ይለቅማል። ጉሬዛ ያለበት ዛፍ ሥር ማየት አይከፋም። መሬቱ ላይ ደግሞ ዳናው ከፍየል ዳና ይመሳሰላል፤ ሾጠጥ ብሎ ለሁለት የተከፈለ ነው። በጠጡም የፍየል በጠጥ ዓይነት ነው። አዲስ መሆኑ የሚታወቀው ሲያብለጨልጭና እርጥብ ሲሆን ነው። ፍየል የሚሰማራበት ቦታ ላይ ከሆነ ግን ይህን ምልክት ማመን ይከብዳል።

ሰስ ሌላ ዓለም ነው። ጫካውን ትታችሁ ገደሉን ተመልከቱ። ከ18 ኪሎ የማይበልጥ ትንሽ እንስሳ በሰኮናው ጫፍ ብቻ ድንጋይ ላይ ቆሞ ይታያል። ወንዱና ሴቷ ተነጣጥለው አይሄዱም፤ አንዱን ካያችሁ ሌላው ቅርብ ነው። ከዓይናቸው ሥር ካለ ዕጢ ጥቁር ፈሳሽ እንጨት ጫፍ ላይ ይቀባሉ፤ ድንበራቸውን የሚያስከብሩት በዚህ ነው። ድንጋያማ ቦታ ስትሄዱ ቀጭን ጭራሮ ጫፍ ላይ ጥቁር፣ ሙጫ የመሰለ ጠብታ ካያችሁ የነሱ ነው። ሚዳቋ ደግሞ ቁጥቋጦ ውስጥ ተለጥፋ ትቆይና እግር ሥር ስትደርሱ ብድግ ብላ ግራ ቀኝ እየታጠፈች ትሮጣለች። በደንብ ሳታዩዋት ትሰወራለች።

ሩቅ ከመሄዱ በፊት ዓይኑን ማለማመድ የሚፈልግ የደሴ ወይም የኮምቦልቻ ሰው የጎፍ ተራራ አለለት። ሁለቱ ከተሞች 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው የሚራራቁት፤ የጎፍ ደን መሀላቸው ነው። የአገር በቀሉ ጽድና ወይራ ከተተከለው ባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጽድ ጋር ተደባልቆ ይታያል። ዳና መለየት፣ ነፋስ ማወቅ፣ ዝም ብሎ አንድ ሰዓት መቀመጥ እዚያ ይለመዳል። የመጨረሻው ከሁሉም ይከብዳል፣ በተለይ ስልክ ኪስ ውስጥ ካለ።

ከደሴ ወደ ፓርኩ የሚወስደው መንገድ በጉጉፍቱና በአቀስታ አድርጎ መካነ ሰላም ይደርሳል፤ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ነው። ጉጉፍቱ ላይ ብርዱ ከባድ ስለሆነ ልብስ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን እጅ ላይ ይሁን። ማደሪያው መካነ ሰላም ነው። በክልሉ ያለው የፀጥታ ሁኔታ ስለሚለዋወጥ መንገዱ ሰላም መሆኑን ከመነሳት በፊት መናኸሪያ ላይ ለሾፌሮች፣ እዚያ ላለ ዘመድም ደውሎ መጠየቅ ግድ ነው። ክረምት ላይ ጭጋጉ ደኑን ስለሚሸፍን አይመከርም። ከመስከረም መጨረሻ በኋላ ሰማዩ ይጠራል። ከጥር ወዲህ ሣሩ ስለሚደርቅ ደግሞ ርቆ ማየት ይቀላል።

ያለ ስካውት፣ ማለትም ያለ ፓርኩ ጠባቂ፣ ደን መግባት አይገባም። ስካውቶቹ የአካባቢው ልጆች ናቸው። የትኛው ምንጭ ላይ ማታ ማታ ድኩላ እንደሚወርድ ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ስትከተሏቸው ወሬ ቀንሱ፤ ሲቆሙ ቁሙ።

ደኑ ዳር የሚኖረው ገበሬ ኑሮው ከዚሁ መሬት ጋር የተያያዘ ነው። ከብቱ ግጦሽ ይፈልጋል፣ ምድጃው እንጨት ይፈልጋል። ድኩላም አልፎ አልፎ ማሳ ገብቶ ለጋ ሰብል ይቀነጥባል። ገበሬውን ጠላት አድርጎ ማየት ትክክል አይመስለኝም። የሚጎበኘው ሰው ገንዘብ ለአስጎብኚው፣ ለበቅሎ አከራዩና ለምግብ ሻጯ ሲደርስ ደኑ ለነሱም ይጠቅማል። ውሻ ይዞ መግባት ግን ፈጽሞ አይሆንም። ድኩላውን ያባርራል፣ ለቀይ ቀበሮውም የእብድ ውሻ በሽታ ያመጣል።

ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ የተከለከለ ነው። ቢሆንም የሽቦ ወጥመድ በአውሬ መንገድ ላይ ሊገኝ ይችላል። የሚጠመደው ቅርንጫፍ ላይ ታስሮ፣ በድኩላ አንገት ቁመት ልክ ነው። ካያችሁ ብቻችሁን አትፍቱት፤ ቦታውን ሳትነካኩ ለስካውቱ አሳዩ። ከአንድ በላይ ስለሚጠመድ በዚያው መንገድ ላይ ሌላ መኖሩን እሱ ይፈትሻል።