«ሄሞላይዝድ» የተባለ ናሙና ላይ ፖታሲየም 6.3 ሲወጣ

የደም ምርመራ ውጤቱ ላይ «ሄሞላይዝድ» (ቀይ የደም ሴሎቹ የፈነዱበት ናሙና) ተብሎ ከተጻፈ፣ ከፍ ያለው ፖታሲየም የታካሚው ላይሆን ይችላል። 98 በመቶ የሚሆነው የሰውነት ፖታሲየም ያለው ሴሎች ውስጥ ነው፤ ቀይ የደም ሴሎች ቲዩቡ ውስጥ ሲፈነዱ የያዙትን ሴረሙ (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ላይ ያፈሱታል፤ ሴረሙም ቀይ ይሆናል።

ሴሎቹን የምንሰብራቸው አብዛኛውን ጊዜ ደም የምንቀዳው እኛው ነን፦ ቱርኒኬቱ (ክንድ ላይ የሚታሰረው ማሰሪያ) ከ1 ደቂቃ በላይ ሲታሰር፣ መርፌው ሲቀጥን፣ ሲሪንጁን በጉልበት ስንስብ፣ ደሙን በመርፌው ገፍተን ቲዩብ ውስጥ ስንጨምር። ቲዩብም ቀስ ተብሎ ይገለበጣል እንጂ እንደ ወተት አይናጥም። ታካሚው ጡጫውን ደጋግሞ ከጨበጠማ ሴል ሳይሰበርም ፖታሲየሙ ይጨምራል።

ለምሳሌ 6.3 የወጣለት ሰው ናሙናው በጥንቃቄ ሲደገም 4.4 ሊሆን ይችላል። የተለመደው ከ3.5 እስከ 5.0 ሚሊሞል በሊትር ነው፤ ጫፉ እንደ ላብራቶሪው ትንሽ ይለያያል።

ግን «ሄሞላይዝድ ነው» ብሎ መተው አይቻልም። ኩላሊቱ የደከመ ወይም ስፒሮኖላክቶን (ፖታሲየምን ሰውነት ውስጥ የሚያስቀር መድኃኒት) የሚወስድ ሰው ላይ ቁጥሩ እውነትም ሊሆን ይችላል። ለሐኪሙ ወዲያው ይነገር፣ ናሙናው ይደገም፣ እስከዚያው ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ይነሳ። ኢሲጂው ላይ ቲ የሚባለው ሞገድ ሾጥጦ ከታየ ሕክምናው ድጋሚውን ውጤት አይጠብቅም፤ ኢሲጂው ደህና መምሰሉም ብቻውን ፖታሲየሙ ደህና ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም።