ኢንዶቴሊየም ምንድን ነው? ላት የበላን ቀን ደም ሥራችን ውስጥ የሚሆነው

መንዝ ውስጥ ፋሲካን ያሳለፈ ያውቀዋል። ሌሊት ዶሮው፣ ጠዋት በጉ። አክስቴ ላቱን እየቆራረጠች "ብላ እንጂ፣ አጥንትህ እኮ ወጣ" ትለኛለች፤ የወጣው ቦርጬ ነው እንጂ አጥንቴስ ደህና ነው። 55 ቀን ቅቤ ያልነካ ሆድ በአንድ ቀን ሁሉንም ካልካስኩ ይላል። ስብ ደም ሥር ይጎዳል ሲባል ደግሞ አብዛኞቻችን ስናረጅ የሚመጣ ነገር ይመስለናል። ለካ በዚያው ከሰዓት የሚለካ ነገር አለ።

ደም ሥር ውስጡ በአንድ ረድፍ ሕዋስ ብቻ ተለብጧል። ያ ስስ ልባጥ ነው ኢንዶቴሊየም። የጣርማበርን ዳገት ስትወጣ ደሙ በርከት ብሎ ይፈሳል፣ ልባጡ ይህን ይሰማና ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ያመነጫል፣ ጋዙ በዙሪያው ያለውን ጡንቻ ያላላዋል፣ ደም ሥሩም ይሰፋል። ደም ያለቦታው እንዳይረጋም ያግዛል። ይህን የጋዙን ነገር የደረሱበት ፈርችጎት፣ ኢግናሮና ሙራድ በ1998 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልመውበታል።

ታዲያ እንዴት ይለካል? ቀላል ነው። ክንድህን በግፊት መለኪያው ጨርቅ 5 ደቂቃ አጥብቀው ይይዙና ይለቁታል። ደሙ ተንደርድሮ ሲመለስ ደም ሥሩ ምን ያህል እንደሰፋ በአልትራሳውንድ ያያሉ። በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት 10 ጤነኛ ሰዎችን 50 ግራም ስብ ያለበት ቁርስ አበላ፤ እንቁላል፣ ሳሴጅ፣ የተጠበሰ ድንች። ከበሉ በኋላ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የደም ሥራቸው የመስፋት አቅም በግማሽ ገደማ ወረደ። በሌላ ቀን ካሎሪው እኩል የሆነ፣ ግን ስብ የሌለው ቁርስ ሲበሉ ምንም አልሆኑም። 50 ግራም ስብ ማለት እንግዲህ አራት የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ነው። አክስቴ ለክትፎ ስትለካ አይቼ አላውቅም፣ ከማሰሮው ነው የምታፈሰው።

ምክንያቱ ምንድን ነው ካላችሁ፣ ከምግቡ በኋላ ደም ውስጥ የሚጥለቀለቀው ስብ ልባጡን ያስቆጣዋል፤ በዚያ ቁጣ የሚፈጠሩ ንጥረ ነገሮች ናይትሪክ ኦክሳይዱን ሥራውን ሳይሠራ ይበሉታል። ጤነኛ ሰው ላይ ይህ ያልፋል። ችግሩ ቁርሱም፣ ምሳውም፣ እራቱም እንደዚያ ሲሆን ነው፤ ልባጡ መች ይረፍ?

ክብደት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በተለይ ሆድ ዕቃ ዙሪያ የተከማቸ ስብ ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ እብጠት የሚያባብሱ ኬሚካሎች ወደ ደም ይለቃል፣ ኢንሱሊንም በደንብ እንዳይሠራ ያደርጋል። ስለዚህ ቦርጫም ሰው ገና ሳይበላም ልባጡ የደከመ ሊሆን ይችላል። ቀጭንም ቢሆን ግን አይኩራ፣ በዚያ ጥናት የተለኩት ጤነኞች ነበሩ። ደስ የሚለው፣ ክብደት ሲቀንስና ሰው አዘውትሮ ሲንቀሳቀስ ልባጡ ያገግማል።

እኛ ጋ "ወፈርክ" ምርቃት ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጦ፣ በዚያ ብርድ "ጮማ ያሞቃል" የሚለውን ሰው መከራከር ራሱ ያደክማል። ባለፈው ፋሲካ ላቱን ገፋ አድርጌ በእግሬ ልዞር ስወጣ አክስቴ ከኋላዬ "ምነው፣ አመመህ እንዴ?" አለችኝ።