ስለ ሆም ረን ነገሥታት በስህተት የሚወራው እና እውነታው

አሜሪካኖች ስለ ቤዝቦል ማውራት ከጀመሩ ሦስት ቁጥሮች ሳይነሱ አይቀሩም፦ 762፣ 755 እና 714። የመጀመሪያው የባሪ ቦንድስ፣ ቀጥሎ ያለው የሃንክ አሮን፣ የመጨረሻው የቤብ ሩት ነው፤ ሦስቱ ሰዎች ሜጀር ሊግ በሚባለው የአሜሪካ ከፍተኛው የቤዝቦል ሊግ በቆዩበት ዘመን ሁሉ የመቱት የሆም ረን ብዛት። ጨዋታውን ለማያውቅ ባጭሩ፦ ፒቸር የሚባለው ኳሷን ይወረውራል፣ መቺው በዱላ ይመታታል። ኳሷ በሁለቱ የጎን መስመሮች መካከል በአየር ላይ ሄዳ አጥሩን ከተሻገረች መቺው ማንም ሳያስቆመው አራቱንም ቤዝ፣ ማለትም የሜዳውን አራት ማዕዘኖች፣ ዞሮ ነጥብ ያስቆጥራል፤ ቤዝ ላይ ቆመው የሚጠብቁ ጓደኞቹም አብረውት ይገባሉ። ሆም ረን ማለት ይህ ነው። አትላንታ ወይም ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር አንባቢ የሥራ ባልደረቦቹ በእነዚህ ቁጥሮች ሲጨቃጨቁ ሰምቶ ይሆናል። ጭቅጭቁ ውስጥ ግን እውነት የሚመስል ብዙ ስህተት አለ። ከታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«የቦንድስ ክብረ ወሰን በዶፒንግ ምክንያት ተሰርዟል»

አልተሰረዘም። እኛ ሐበሾች በዚህ ብንሳሳት አይፈረድብንም፤ ስፖርት ያወቅነው በአትሌቲክስ ነው፣ በአትሌቲክስ ደግሞ አበረታች ቅመም የተገኘበት ሯጭ ውጤቱ ይሰረዛል፣ ሜዳሊያውም ይነጠቃል። ሜጀር ሊግ ግን ተጫዋቹን ያግዳል እንጂ የመታውን አይቀንስበትም። አሌክስ ሮድሪጌዝ የ2014ን የውድድር ዘመን ሙሉውን ታግዶ አሳልፏል፤ ቴክሳስ ሲጫወት ቅመም መውሰዱንም ራሱ አምኗል። 696 ሆም ረኑ ግን አንድም ሳይጎድል አምስተኛ ደረጃ ላይ ተመዝግቦ ይገኛል።

የቦንድስ ጉዳይ ከዚህም የተወሳሰበ ነው። በአንድ የውድድር ዘመን 73 ሆም ረን የመታው በ2001 ነው፤ ሊጉ ቅጣት ያለበት ምርመራ የጀመረው ደግሞ በ2004። ስሙ ለስፖርተኞች ቅመም ያቀርብ ከነበረው ባልኮ ከሚባለው የካሊፎርኒያ ቤተ ሙከራ ቅሌት ጋር ተነሥቶ በ2011 ፍትሕን በማደናቀፍ ጥፋተኛ ተባለ፤ በ2015 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ያንን ሻረው። እውነተኛውን ቅጣት የሰጡት ጋዜጠኞቹ ናቸው። ኩፐርስታውን ወዳለው የዝና አዳራሽ ለመግባት የ75 በመቶ ድምፃቸው ያስፈልጋል፤ ቦንድስ በ2022፣ በጋዜጠኞቹ ድምፅ በአሥረኛውና በመጨረሻው ዕድሉ፣ 66 በመቶ ላይ ቀረ።

ከ762 ጎን «ይህ ቁጥር ያጠራጥራል» የሚል የኮከብ ምልክት (*) አለ የሚሉም ብዙ ናቸው። ኮከቡስ አለ፤ ያለው ግን መዝገቡ ላይ አይደለም። ቦንድስ አሮንን የበለጠባትን 756ኛዋን ኳስ የመታው ነሐሴ 7 ቀን 2007 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ነው፤ ወርዋሪው የዋሽንግተን ናሽናልስ ፒቸር ማይክ ባክሲክ ነበር። ኳሷ በጨረታ በ752,467 ዶላር ተሸጠች። የገዛት የልብስ ዲዛይነር ማርክ ኤኮ «ምን ላድርጋት?» ብሎ ለሕዝብ ድምፅ በኢንተርኔት አቀረበ፦ እንዳለች ለዝና አዳራሹ ትሰጥ፣ ኮከብ ይታተምባትና ትሰጥ፣ ወይስ በሮኬት ወደ ጠፈር ትላክ። ኮከቡ አሸነፈ። ኳሷ ቆዳዋ ላይ ኮከብ ተደርጎባት ዛሬ የኩፐርስታውን ንብረት ናት። የሊጉ መዝገብ ላይ ያለው ግን ባዶ 762 ብቻ ነው።

«ያለ ቅመም ቦንድስ ማንም አልነበረም»

ይህንን ለመቀበል ያስቸግረኛል። ክሱ የሚያተኩረው ከ1998 በኋላ ባለው ጊዜ ላይ ነው። ቦንድስ እስከዚያው ዓመት መጨረሻ 411 ሆም ረን መትቶ፣ ከ400 በላይ ቤዝ ሰርቆ (ምት ሳይጠብቅ ወደ ቀጣዩ ቤዝ ሮጦ ማለት ነው)፣ ሦስት ጊዜ የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ ነበር። በዚያው ዓመት ግንቦት ውስጥ አሪዞና ከሳን ፍራንሲስኮ ጋር ሲጫወት በመጨረሻው ምዕራፍ 8 ለ 6 ይመራል፣ ሦስቱም ቤዝ በሳን ፍራንሲስኮ ተጫዋቾች ተይዟል፣ ተራው የቦንድስ ነው። የአሪዞናው አሠልጣኝ ባክ ሾዋልተር ፒቸሩን ኳሷን ሆን ብሎ ወደ ውጭ እንዲወረውር አዘዘው። ይህ ማለት ቦንድስ ሳይመታ በነጻ አንደኛ ቤዝ ይሄዳል፣ ሦስተኛው ቤዝ ላይ ያለውም በነጻ ገብቶ ነጥብ ያስቆጥራል። አሠልጣኙ አንድ ነጥብ በእጁ መስጠትን ከቦንድስ ዱላ መረጠ። አልተሳሳተም፤ ቀጣዩ መቺ ሳይሳካለት ቀረና አሪዞና 8 ለ 7 አሸነፈ። ሰውዬው በዘመኑ 688 ጊዜ እንዲህ ሆን ተብሎ ታልፏል፤ በ2004 ብቻ 120 ጊዜ። ቅመሙ ቁጥሩን አሳብጦት ሊሆን ይችላል፤ ፍርሃቱን ግን ከዚያ በፊትም ያውቁታል።

«ሃንክ አሮን 715ኛዋን ሲመታ አገር በሙሉ አብሮት ጨፈረ»

ፊልሙን ላየ እንደዚያ ይመስላል። ሚያዝያ 8 ቀን 1974፣ አትላንታ፤ የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ፒቸር አል ዳውኒንግ ወረወረ፣ ኳሷ የግራውን አጥር ተሻገረች፣ ስታዲየሙ ተናወጠ፣ የ39 ዓመት የቤብ ሩት ክብረ ወሰን ተሰበረ። ከዚያ በፊት ያለው ክረምት ግን ፊልሙ ላይ የለም። አሮን የ1973ን የውድድር ዘመን የጨረሰው በ713 ነበር፤ ሩትን ለመስተካከል አንድ ሲቀረው። ወራቱን ሙሉ ደብዳቤ ይጎርፍለት ነበር፤ የፖስታ ቤቱ ግምት በዚያ ዓመት ወደ 930,000 ይደርሳል። ብዙዎቹ «አይዞህ» የሚሉ ነበሩ። የቀሩት ጥቁር ሰው የሩትን ስም እንዳይነካ የሚያስጠነቅቁ፣ እንገድልሃለን፣ ልጆችህን እንጠልፋለን የሚሉ ነበሩ። ኤፍ ቢ አይ ገባበት።

በዚያ ምሽት አሮን ሁለተኛውን ቤዝ አልፎ ሲሮጥ ሁለት ወጣት ነጮች ከተመልካች መካከል ዘለው ገብተው ትከሻውን መታ መታ እያደረጉ አብረውት ሮጡ። ዛሬ ፎቶው ሲታይ ደስ ይላል። የአሮን ጠባቂ ግን ሽጉጡን የሩቅ ማሳያ መነጽር መያዣ ውስጥ ደብቆ ተቀምጦ ነበር፤ ልጆቹ ሲዘሉ በሰከንዶች ውስጥ ይተኩስ አይተኩስ መወሰን ነበረበት። ዙሩን ጨርሶ የመጨረሻው ቤዝ ላይ ሲደርስ እናቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥመው አልለቅ አሉ። የሊጉ ኮሚሽነር ቦዊ ኩን ስታዲየሙ ውስጥ አልነበሩም።

አሮን ግዙፍ ጉልበተኛ ነበር የሚለውም እዚሁ ይታረም። ቁመቱ 1.83 ሜትር፣ ክብደቱ 82 ኪሎ ገደማ ነበር። በአንድ ዓመት 50 ሆም ረን መትቶ አያውቅም፤ ከፍተኛው በ1971 የመታው 47 ነው። ኃይሉ ያለው የእጁ አንጓ ላይ ነበር፤ ጥበቡ ደግሞ በ23 ዓመት ውስጥ አለመውደቁ። 755ቱ ሆም ረኖች በሙሉ ይፋቁ ቢባል እንኳ ከ3,000 በላይ የተሳካ ምት ይቀርለታል፤ ይህ ራሱ ለዝና አዳራሽ የሚያበቃ ቁጥር ነው።

«ቤብ ሩት ወፍራም ሰነፍ ነበር፤ ዕድሜ ለቀላል ዘመኑ»

ሩትን ሁሉም የሚያስታውሰው በመጨረሻ ዓመቶቹ ሆዱ ገፍቶ በተነሣው ፎቶ ነው። ቦስተን የገባው ግን ፒቸር ሆኖ ነው፤ በዘመኑ 94 አሸንፎ 46 ተሸንፏል። 123 ቤዝ ሰርቋል። በ1920 ኒውዮርክ ያንኪስ በገባበት የመጀመሪያ ዓመት 54 ሆም ረን መታ፤ ከራሱ ቡድን በቀር ከሜጀር ሊግ ሁለት ክፍሎች አንዱ በሆነው በአሜሪካን ሊግ አንድም ቡድን፣ ሙሉ ቡድን፣ ያንን ያህል አልመታም። በ1921 የበለጠው የቀድሞው የሙሉ የጨዋታ ዘመን ክብረ ወሰን 138 ነበር። እንግዲህ 138ን ከ714 ጋር አስተያዩት።

«ያኔ ኳሷ መሬት ነጥራ አጥር ብታልፍም ሆም ረን ይቆጠር ነበር» የሚሉት ሕጉን በትክክል ያውቃሉ። እስከ 1930 አካባቢ እውነትም እንዲያ ነበር፤ ዛሬ ሁለት ቤዝ ብቻ ያሰጣል። ሆኖም የዘመኑን ጋዜጦች ያገላበጡ ተመራማሪዎች በ1927 ከመታቸው ዝነኛ 60 ሆም ረኖች መካከል እንዲህ ነጥራ ያለፈች አንድም አላገኙም። ሌላ የዚያ ዘመን ሕግ ይልቁንም አንድ ወስዶበታል። ሐምሌ 1918 ቦስተን ላይ ጨዋታው በጭማሪ ምዕራፍ እያለ ኳሷን ተመልካቹ መካከል ጣላት፤ አንደኛ ቤዝ ላይ የነበረው ጓደኛው ገብቶ ጨዋታው ስላለቀ ሩት በዚያ ዘመን ደንብ የተጻፈለት ሦስት ቤዝ ብቻ ሆነ። በ1960ዎቹ መጨረሻ የመዝገብ ኮሚቴ ተቀምጦ ሆም ረን ትባል፣ ቁጥሩም 715 ይሁን ብሎ ወሰነ፤ ከዚያ ተጸጸተና መለሰው። ጸንቶ ቢሆን ኖሮ የአትላንታው ምሽት ክብረ ወሰን የሚሰበርበት ሳይሆን የሚስተካከልበት ይሆን ነበር።

የዘመኑ ቀላልነት ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው። ሩት በሊግ ጨዋታ አንድም ጥቁር ፒቸር ገጥሞ አያውቅም፤ ጥቁሮች አይፈቀድላቸውም ነበርና።

«ጆሽ ጊብሰን 800 መትቷል» እና «ጊብሰን 200 እንኳ አልሞላም»

ሁለቱም ወገን የሚጠቅሰው ቁጥር አለው። ጊብሰን በኒግሮ ሊግ፣ ማለትም ጥቁሮች ለብቻቸው ባቋቋሟቸው ሊጎች፣ የተጫወተ ካቸር፣ ማለትም ፒቸሩ የወረወራትን ኳስ ከመቺው ኋላ ሆኖ የሚቀልብ ተጫዋች፣ ነበር። የዝና አዳራሹ ሰሌዳ «ወደ 800 የሚጠጋ» ይላል። ሜጀር ሊግ የኒግሮ ሊጎችን መዝገብ በ2024 ወደ ራሱ መዝገብ ሲያስገባ ግን የጊብሰን ሆም ረን ከ200 በታች ሆኖ ተጻፈ። ውሸታም የለም። የሊጉ መዝገብ የሚይዘው የሊግ ጨዋታን ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ ለኒግሮ ሊግ ቡድን በዓመት ጥቂት ደርዘን ነበር። ኑሯቸውን የሚገፉት በአውቶቡስ ከከተማ ከተማ እየዞሩ፣ ከፋብሪካ ቡድን፣ ከሰፈር ቡድን፣ ከማንም ጋር እየገጠሙ ነው፤ ጊብሰን እነዚያም ላይ መታ፣ እነዚያ ግን አይቆጠሩም። የተቆጠረው ብቻ እንኳ .372 በሆነ የተሳካ ምት አማካይ የሜጀር ሊግ የምንጊዜም ቀዳሚ መቺ አድርጎታል። የሞተው በጥር 1947፣ በ35 ዓመቱ ነው። ጃኪ ሮቢንሰን ሜጀር ሊግ ገብቶ ለጥቁሮች በሩን የከፈተው በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ።

«762 የዓለም ክብረ ወሰን ነው»

የሜጀር ሊግ ነው። ቶኪዮ ውስጥ ለዮሚዩሪ ጃያንትስ ከ1959 እስከ 1980 የተጫወተው ሳዳሃሩ ኦ 868 መትቷል። የቀኝ እግሩን ከፍ አድርጎ በአንድ እግሩ ቆሞ ኳሷን የሚጠብቀው ሰው እሱ ነው። የጃፓን ሜዳዎች ያኔ ጠበብ ያሉ ነበሩ ይባላል፣ እውነት ነው፤ ግን የውድድር ዘመኑም ከአሜሪካው ያጠረ ነበር፣ ይህንን የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው። አሮንና ኦ በኅዳር 1974 ቶኪዮ ላይ በሆም ረን ብዛት ፊት ለፊት ተወዳድረው አሮን 10 ለ 9 አሸንፏል። ከዚያ ወዲያ ወዳጆች ሆነው በ1990 የዓለም ሕፃናት የቤዝቦል ፌስቲቫልን አብረው አቋቋሙ።

«ሜዳው ለሁሉም እኩል ነው»

በቤዞቹ መካከል ያለው ርቀት እኩል ነው፤ አጥሩ ግን እንደየከተማው ነው። 1.75 ሜትር ቁመት የነበረው ሜል ኦት 511 ሆም ረን መትቷል፤ 323ቱ በገዛ ሜዳው፣ የቀኝ ጥጉ ከ80 ሜትር በማይሞላው የኒውዮርኩ ፖሎ ግራውንድስ ነው። ዴንቨር ደግሞ 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳስቶ ኳሷ ርቃ ትበራለች፤ ከ2002 ጀምሮ ኳሶቹን እርጥበት ባለው ክፍል የሚያስቀምጡት ለዚህ ነው። አዲስ አበባ ከዴንቨር ከ700 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ እዚያ ቢጫወቱ ምን እንደሚሆን አስቡት።

«ኳሷ አጥር ካላለፈች ሆም ረን የለም»

አለ። ኳሷ ሜዳ ውስጥ እየተንከባለለች መቺው አራቱንም ቤዝ ሮጦ ከጨረሰ ይቆጠርለታል። ታይ ኮብ በ1909 የአሜሪካን ሊግን በሆም ረን የመራው በ9 ነው፤ ዘጠኙም በእግሩ።

«ብዙ ሆም ረን የሚመታ ብዙ ይስታል»

ሬጂ ጃክሰንንና ጂም ቶሚን ካየን እውነት ነው፤ እያንዳንዳቸው በዘመናቸው ከ2,500 ጊዜ በላይ ሦስት ስትራይክ (የሳቱት ወይም መምታት ሲገባቸው ያሳለፉት ኳስ) ተቆጥሮባቸው ወጥተዋል። ሩት፣ አሮንና አልበርት ፑሆልስ ግን በአንድም የውድድር ዘመን 100 ጊዜ አልወጡም።

«ኮከብ ከተገኘ 762 በቅርቡ ይሰበራል»

በየዓመቱ 40 ሆም ረን ሳያጓድል ለ19 ዓመት የመታ ሰው 760 ላይ ይቆማል። ፑሆልስን ያየ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። በ1999 ምልመላ ከ401 ልጆች በኋላ የተጠራው ይህ የዶሚኒካን ሪፐብሊክ ተወላጅ በሴንት ሉዊስ በመጀመሪያዎቹ 11 ዓመቶቹ 445 መታ፤ በዓመት ከ40 በላይ ማለት ነው፣ ያኔ ቦንድስን ይደርስበታል ያላለ ሰው አልነበረም። ከዚያ ጉልበቱና እግሩ አልታዘዝ አሉት። 22 ዓመት ተጫውቶ፣ በ42 ዓመቱ በመጨረሻው የውድድር ዘመን እንኳ 24 ጨምሮ፣ 703 ላይ አቆመ። ከቦንድስ ጋር 59 ይለያቸዋል።