ታላሴሚያ ምንድን ነው?

ደም ማነስ ሲባል ብዙዎቻችን ወዲያው የምናስበው ምግብ ነው። ቀይ ሥር፣ ጎመን፣ ጉበት፣ ካልሆነም የአይረን (የብረት) ኪኒን። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነን። ግን ብረት ሞልቶም ደም ያንሳል። ከእናትና ከአባት የሚወረሰው ታላሴሚያ እንዲህ ያለ ነው።

ቀይ የደም ሴል ኦክስጅን የሚሸከመው በሄሞግሎቢን ነው። ሄሞግሎቢን ደግሞ ከአራት የፕሮቲን ሰንሰለቶች ይሠራል፤ ሁለት አልፋ፣ ሁለት ቤታ። የቤታው ዘረመል 11ኛው ክሮሞሶም ላይ ነው ያለው። እሱ ሲበላሽ ቤታ ያንሳል ወይም ጭራሽ ይጠፋል። አልፋው ግን መመረቱን አያቆምም። ጥንድ ያጣው አልፋ እየተጠራቀመ ሴሉን ገና ሳይበስል፣ እዚያው አጥንት መቅኔ ውስጥ ይገድለዋል። መቅኔው ሌት ተቀን ይለፋል፤ ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ነው። ካልታከመ መቅኔው እየሰፋ የፊትን አጥንት ቅርጽ እስከ መቀየር ይደርሳል። ጣፊያም ያብጣል።

ከሁለቱም ወላጆች የተበላሸ ዘረመል የወረሰ ሕፃን ሲወለድ ደህና ይመስላል። የጽንስ ሄሞግሎቢን ቤታ አያስፈልገውማ! እሱ እየቀነሰ ሲሄድ ግን፣ ብዙ ጊዜ ከስድስት ወር በኋላ፣ ልጁ ይገረጣል፣ ይደክማል፣ አላድግ ይላል።

ሕመሙ የጠናበት ልጅ በየሦስት አራት ሳምንቱ ደም ይሰጠዋል፣ ዕድሜ ልኩን። አንድ ከረጢት ደም 200 ሚሊግራም ያህል ብረት ይዞ ይገባል። ሰውነታችን ደግሞ ትርፍ ብረት የሚያስወጣበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ልብና ጉበት ላይ ይከማቻል። ብረቱን የሚያስወጣው መድኃኒት ለዓመታት ሌሊቱን ሙሉ ሆድ ላይ በተሰካ መርፌ፣ በትንሽ ፓምፕ ነበር የሚሰጠው። ልጅን እንዲህ አድርጎ ማስተኛት ምን ያህል እንደሚከብድ ወላጅ ያውቀዋል። አሁን ብረት የሚያስወጣ ኪኒን መጥቷል። ለእንዲህ ያለ ልጅ የአይረን ኪኒን መስጠት በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው።

አንድ የተበላሸ ዘረመል ብቻ ያለው ሰው ተሸካሚ ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሰማውም። ሴሎቹ ትናንሽ ስለሚሆኑ ግን ተራ የደም ምርመራ ላይ የብረት እጥረት ይመስላል፤ ሳያስፈልገው ለወራት አይረን የሚውጥም አለ። የሚለየው የብረት ክምችትንና የሄሞግሎቢን ዓይነትን በመመርመር ነው። አይረን ለወራት ወስዳችሁ ደማችሁ ካልጨመረ ሐኪማችሁን ስለዚህ ምርመራ ጠይቁ።

ሁለት ተሸካሚዎች ሲጋቡ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ የመታመም ዕድሉ 25 በመቶ ነው። ቆጵሮስ ውስጥ ከሰባት ሰው አንዱ ገደማ ተሸካሚ ነው። እዚያ ምርመራው በ1970ዎቹ ተጀመረ (እ.ኤ.አ.)፤ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያኗም ተጋቢዎች መመርመራቸውን የሚያሳይ ወረቀት መጠየቅ ጀመረች። ውጤቱ ጋብቻን አይከለክልም፤ ጥንዶቹ አውቀው እንዲወስኑ ነው። ከዚያ ወዲህ ከበሽታው ጋር የሚወለዱ ሕፃናት እጅግ ጥቂት ሆነዋል።